ዥንጉርጉር ቺዝኬክ ከጓዳችን አይብ

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ነው፤ «ክሬም ቺዝ ሳንገዛ ቺዝኬክ ቤታችን መሥራት እንችላለን?» የሚል። ጥያቄው ለምን እንደበዛ ለመረዳት ወደ አንዱ ሱፐርማርኬት ጎራ ብሎ የማቀዝቀዣውን መደርደሪያ ማየት ይበቃል። አንድ መካከለኛ ቺዝኬክ ትንንሾቹን የክሬም ቺዝ ዕቃዎች ሦስትና አራት ይፈልጋል። ከውጭ የመጡ ስለሆኑ ሒሳቡን ስትደምሩት የበዓሉን ዶሮ ዋጋ ማስታወሳችሁ አይቀርም። አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡ ኖሮ ዕቃው አይኖርም።

አጭሩ መልስ፣ እንችላለን ነው። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ጨዋታ አለው፤ አይብን አንስቶ በክሬም ቺዝ ቦታ እንዲሁ ዶል ማድረግ አያዋጣምና። በዚህ ወር የምንሠራው ላዩ ላይ በማንጎ ወይም በእንጆሪ የተዥጎረጎረውን ዓይነት ነው። ስታዩት የኬክ ቤት ይመስላል፣ እጅ ላይ ግን ከዳቦ ማቡካት የቀለለ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ስሙ ኬክ ይባል እንጂ ቺዝኬክ እንደ ስፖንጅ ኬክ አይነፋም። ቤኪንግ ፓውደር የለውም፣ ዱቄቱም ከማንኪያ አያልፍም። አይብ፣ እንቁላልና ስኳር ተዋሕደው በቀስታ ሙቀት ሲረጉ የሚገኝ ነገር ነው፤ ክሬም ካራሜል የሚያውቅ ሰው ዘመዱን ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ በሌላ ኬክ የምንመኛቸው ነገሮች ሁሉ፣ ብዙ መምታት፣ አየር ማስገባት፣ ሞቅ ያለ ምድጃ፣ እዚህ ጠላቶች ናቸው። ይህ የገባው ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

አይብን ጣፋጭ አድርጎ መጋገር አዲስ ፈጠራም አይደለም። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አይብ፣ ዱቄትና እንቁላል ለውሶ በቅጠል ላይ የመጋገር አሠራር አስፍሯል። ዛሬ «የኒው ዮርክ» እያልን የምንጠራው ወፍራምና ለስላሳ ዓይነት የመጣው ከክሬም ቺዝ ጋር ነው። ዊልያም ሎውረንስ የተባለ የወተት ሰው በ1872 በኒው ዮርክ ግዛት ቼስተር በተባለች ከተማ ክሬም የበዛበትን አይብ መሥራት ጀመረ፤ በ1880 «ፊላደልፊያ» የሚለው ስም ወጣለት። ከተማዋ እዚያ አይብ ስለተሠራባት አይደለም፤ በዘመኑ የፊላደልፊያ የወተት ውጤት መልካም ስም ስለነበረው ነው። የንግድ ስም ድሮም እንዲህ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አይባችን ከክሬም ቺዝ የሚለየው በምንድነው? በስቡ። እኛ ወተቱን እናረጋለን፣ እንንጣለን፣ ቅቤውን እናወጣለን፤ አይቡ የሚመጣው ከተረፈው አሬራ ነው። ስቡ አስቀድሞ ወደ ቅቤው ሄዷል። ክሬም ቺዝ በተቃራኒው ሲሶው ገደማ ስብ ነው። ስለዚህ አይብን ብቻውን ከእንቁላልና ከስኳር ጋር መትታችሁ ብትጋግሩት የሚወጣው ደረቅ፣ አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ የሚበተን ነገር ነው። ብዙዎች አንዴ ሞክረው «አይብ አይሆንም» ብለው የተውት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የጎደለውን ስብና ልስላሴ መመለስ ነው የሚያስፈልገው።

የሚመልሱለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የተጠለለ እርጎ፣ ክሬምና ትንሽ የገበታ ቅቤ። እርጎውን በንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ጎድጓዳ ሳህን በላይ ፍሪጅ ውስጥ ታንጠለጥሉትና ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት አጓቱ ወርዶ ሻሹ ውስጥ እንደ ለስላሳ አይብ የሚቀባ ነገር ይጠብቃችኋል። ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ይህን ወዲያው ያውቁታል፤ ላብነህ የሚሉት እሱ ነው። በእስራኤል ያላችሁ አንባብያን ደግሞ ነገሩ ከሁላችን ይቀልላችኋል። በሻቩዖት በዓል ሰሞን የወተት ምግብ የሚበላበት ልማድ ስላለ ቺዝኬክ በየቤቱ ይጋገራል፤ ለዚያ የምትገዙት ነጭ አይብም በእርጎና በክሬም ቺዝ መካከል ያለ ነው። አይቡንም እርጎውንም በእሱ መተካት ትችላላችሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ በክሬም ቺዝ ብትሠሩት አልቀየማችሁም፤ ቅቤውንና ክሬሙን ብቻ ተዉት።

አይቡን ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ኮሰረት ወይም ጤና አዳም እንዳልገባበት። ለክትፎ ቀን የሚያምረው መዓዛ ከእንጆሪ ጋር አይስማማም። ሁለተኛ፣ ጨው። ሦስተኛ፣ ጢስ። የወተቱ ዕቃ በወይራ የታጠነ ከሆነ አይቡ ላይ ይቀራል። እኔ በግሌ ቀለል ያለ የወይራ ጢስ ከማንጎ ጋር እወደዋለሁ፤ ልጆች ግን «ተቃጥሏል» ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው የወተቱ ጉዳይ ነው። አይብ ሲሠራ አሬራው ለብ እስኪል ብቻ ይሞቅ ይሆናል፤ ያ ሙቀት በጥሬ ወተት የሚተላለፉ በሽታዎችን፣ ለምሳሌ ብሩሴሎሲስን፣ ላይገድል ይችላል። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሽማግሌ ቤት ካለ ምንጩ ያልታወቀ አይብን ሳይጋገር በፍሪጅ ብቻ በሚረጋ ቺዝኬክ ውስጥ አታስገቡ። በዚህ ላይ አልደራደርም። የሚጋገረው ሙቀት ያገኘዋል፣ ቢሆንም ምርጡ ከተፈላ ወተት ቤት ውስጥ መሥራት ነው።

ቤት ውስጥ ስለመሥራት ካነሳን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ደብረ ብርሃን አካባቢ ላም ስታልብና ወተት ስትንጥ የኖረች ሴት ናት። ባለቤቷ ካረፉና ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ ልጇ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቷ አመጣቻት። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይናጣል? ምጣዱ ኤሌክትሪክ፣ ወተቱ በላስቲክ፣ ቅቤው ከሱቅ። ቤቱ በክብር ያስቀምጣታል፣ ማንም ግን ሥራ አይሰጣትም። «እንግዳ ሆኜ ቀረሁ» ትል ነበር፣ ሳቅ አድርጋ፣ ሳቋ ግን ዓይኗ ላይ አይደርስም።

ባለፈው ፋሲካ የልጅ ልጇ ከሜሪላንድ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛዋ «እሺ» እና «ውኃ» ላይ ያበቃል፤ የአክስቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ባይ ባይ» አያልፍም። ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይተያያሉ፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ትስቃለች፣ በቃ። ልጅቷ ለበዓል የምትፈልገውን ስትጠየቅ ቺዝኬክ አለች። እናቷ ነገሩን ለአክስቴ ስታስረዳት አሮጊቷ ፊቷን ቋጠረች፤ «አይብ በስኳር? ምን በደለ አይቡ?»

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ የመጣው አይብ ጠረጴዛው ላይ ሲፈታ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ፆም ላይ ናት፣ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፤ አትቀምስም። በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ አሸት አደረገችውና አሸተተችው። «ይሄ እሳት በዝቶበታል፤ ተሰባብሯል። ይሄን ለልጅ?» አለች። ከዚያ ተነሣች።

ያሳየችንን እንዲህ ጻፍኩት። ከሁለት ቀን በፊት ሦስት ሊትር ያልተገፈፈ ወተት ተፈልቶ፣ ለብ ሲል በእርጎ ማንኪያ እርሾ ተደርጎበት የረጋ እርጎ ነበር፤ ለሌላ ነገር የታሰበ። እሱን ቅቤው ሳይወጣለት እንዳለ በሰፊ ድስት አድርጋ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ጣደችው። ማማሰያ አላስነካችም። ልጅቷን በርጩማ ላይ አቁማ ጣቷን ከድስቱ ጎን ላይ አስነካቻት፤ ከዚያ የራሷን። ሞቅ ይላል፣ አያቃጥልም። አጓቱ ከዳር ዳር ጠርቶ ቢጫ አረንጓዴ ሲመስል፣ እርጎውም መሃል ላይ እንደ ደሴት ሲሰበሰብ «በቃ» ብላ አወረደችው። ከድስቱ ሳይወጣ እዚያው እስኪበርድ ተወችው። ከዚያ በኋላ ነው ሻሽ ላይ የፈሰሰው። ስድስት መቶ ግራም የሚጠጋ፣ በማንኪያ የሚቀባ፣ አሸዋ የሌለበት አይብ ወጣ። እሳት ሲበረታ የወተቱ ሥጋ ይኮማተራል፣ ውኃውን ይተፋል፣ ፍሬው ይጠነክራል፤ ቺዝኬክን የሚያበላሸውም ይኸው ነው። አክስቴ ስለ ፕሮቲን አንድም ቃል አላነሳችም። ጣቷ ግን ከቴርሞሜትሬ ቀድሞ አወቀ።

እንዲህ ያለ ቅቤው ያልወጣለት አይብ ካገኛችሁ የገበታ ቅቤውን ከዝርዝሩ ሰርዙት። ካላገኛችሁ የገበያውን አይብ በብሌንደር እስኪለሰልስ መትታችሁ በወንፊት አሳልፉት፤ ፍሬው ይቀንሳል።

የሚያስፈልገን እንግዲህ ይህ ነው። 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ጎኑ የሚፈታ የኬክ መጋገሪያ እንያዝ። ለሥሩ 200 ግራም ተራ የሻይ ብስኩትና 80 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ። ለአይቡ ክፍል በደንብ የተጠለለ 500 ግራም አይብ፣ ከአንድ ሊትር እርጎ ተጠልሎ የሚገኝ 300 ግራም ያህል፣ 150 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 60 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ሦስት እንቁላል፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ተፍቆ፣ ትንሽ ቫኒላ። እንቁላሉ የሐበሻ ከሆነ አራት አድርጉት፣ ትንንሽ ነውና። ቅቤ ስል የተነጠረውንና ቅመም የገባበትን እንዳልሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም፤ ግን ተናገርኩ።

በፆም ወቅት ለበዓል የምትሠሩ ሰዎች ሚዛን ተጠቀሙ። የማይቀምስ እጅ ስኳሩን በግምት ማስተካከል አይችልም። ወጥ ላይ ዓመታት ያስተማሩን ግምት አለን፤ እዚህ ግን ገና የለንም።

ብስኩቱን በሙቀጫ ወይም በላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ በመዳመጫ አድቅቁት፣ ከቀለጠው ቅቤ ጋር እርጥብ አሸዋ እስኪመስል አዋሕዱት፣ በብርጭቆ ቂጥ ሥሩ ላይ ጠቅጥቁት፣ 170 ዲግሪ ላይ አሥር ደቂቃ አቆዩትና አውጡት። ከብስኩት ይልቅ በርበሬ ያልገባበትን ጣፋጭ ዳቦ ቆሎ ፈጭቶ መጠቀም ይቻላል። ጠንከር ያለ ስለሆነ በጣም ይድቀቅ፣ ቅቤውም አንድ ማንኪያ ይጨመርለት። ከቡና ጋር ሲሆን ከብስኩቱ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ፍሬው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከአርባ ምንጭም ከሌላም የሚመጣው ማንጎ ጋሪ ላይ ሲያብረቀርቅ ዝም ብሎ ጨምቆ ኬኩ ላይ ማፍሰስ ያምራል። አታድርጉት። ጭማቂ ቀጭን ስለሆነ አይቡ ላይ አይቆምም፤ ይሰምጣል፣ ወይም እንደ ኩሬ ይተኛና በጋገራችሁት ቦታ ሁሉ እርጥብ ስንጥቅ ይተዋል። መመሪያው አንድ ነው። የፍሬው ውፍረትና የአይቡ ውፍረት እኩል ይሁን።

ስለዚህ 300 ግራም የማንጎ ሥጋ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ከአንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር አብስሉት። ክር የሚበዛበት የሀገር ቤት ማንጎ ከሆነ አስቀድማችሁ በወንፊት አሳልፉት፤ የተዳቀለው አፕል ማንጎ ክሩ ያነሰ ነው። በዝቅተኛ እሳት አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ማማሰያውን በድስቱ ሥር ስትጎትቱት መንገዱ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ከቆየ ደርሷል። ካልወፈረ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩና አንዴ አፍሉት። ፈጽሞ ይብረድ።

እንጆሪም አሠራሩ ያው ነው፤ ለዓይን ደግሞ እሱ ያሸንፋል፣ ቀይ በነጭ ላይ ማለት ሌላ ነው። ሎሚው ቀለሙን ስለሚይዝለት አትተዉት። ውስጡ ሮዝ የሆነ ዘይቱን ካገኛችሁ ፍሬውን በወንፊት ለይታችሁ ሞክሩት፤ መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል፣ ዋጋውም ከሁሉ ይቀላል። ፓፓያና አናናስ የምትመርጡ ካላችሁ ደግሞ በደንብ እስኪፈላ ማብሰል ግድ ነው። ጥሬያቸው የወተትንና የእንቁላልን ፕሮቲን የሚሰባብር ነገር ስላለው የረጋውን መልሶ ያቀልጠዋል፤ ሙቀት ያንን ያጠፋዋል።

አይቡን ለማዘጋጀት ሁሉም ነገር ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ ቀዝቃዛ አይብ ይጓጉላል። አይቡን፣ የተጠለለውን እርጎ፣ ቅቤውንና ስኳሩን በብሌንደር እስኪለሰልስ ምቱ። እዚህ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ምቱ። ክሬሙን፣ ስታርቹን፣ ሎሚውንና ቫኒላውን ጨምሩ። እንቁላሉ ሲመጣ ግን እጃችሁን ቆጠብ አድርጉ፤ አንድ በአንድ፣ እስኪዋሐድ ብቻ፣ በማንኪያ ቢሆን ይመረጣል። እንቁላል ብዙ ሲመታ አየር ይይዛል፤ ያ አየር ምድጃ ውስጥ ይነፋና ሲወጣ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ይሰነጠቃል። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት፣ የሚወጡትን አረፋዎች በስንጥር አፈንዱ።

አሁን ደስ የሚለው። አይቡን በብስኩቱ ላይ አፍስሱ። ከፍሬው በሻይ ማንኪያ እየቀነሳችሁ አሥራ ሁለት ያህል ቦታ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። የበዛውን ለጎን አስቀምጡት፤ ሁሉንም ማፍሰስ ኬኩን ያከብደዋል። ከዚያ ቀጭን እንጨት ወይም የቢላ ጫፍ ግማሹን ያህል ብቻ አስገብታችሁ፣ ሥሩን ሳትነኩ፣ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው እንደ ስምንት ቁጥር እየዞራችሁ አልፉ። አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ አቁሙ። ትንሽ ቢቀረኝ ነው በሚባልበት ጊዜ ነው የሚበቃው፤ አንድ ዙር ሲጨመር ነጩና ቢጫው ተዋሕዶ ዥንጉርጉርነቱ ይጠፋል። ይህን ሥራ ለልጅ ስጡ። እኛ ቤት ያን ቅዳሜ እንጨቱን የያዘችው የሜሪላንዷ ልጅ ነበረች፤ አክስቴ እጇን ከላይ ይዛ ትመራታለች፣ ሲበቃ ደግሞ «በቃ» ትላለች። ያ ቃል ከ«እሺ» እና ከ«ውኃ» ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ ገባ።

መጋገሪያውን ከውጭ በሁለት ድርብ ፎይል ጠቅልሉት፣ ከፍ ባለ ሌላ ትሪ ውስጥ አስቀምጡትና እስከ ግማሽ ቁመቱ ድረስ የሞቀ ውኃ ጨምሩ። ምድጃው 150 ዲግሪ ይሁን። የውኃው ጥቅም ዳሩን መጠበቅ ነው፤ በውኃ የተከበበ ነገር ከውኃው መፍያ በላይ አይሞቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከውጭ መጽሐፍ የወሰዳችሁት አሠራር «50 ደቂቃ» ቢል አትደንግጡ፤ እኛ ጋ ከ65 እስከ 80 ደቂቃ ይወስዳል። ድሬዳዋ ላይ ያነሰ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ በመካከል ናችሁ።

መድረሱን የሚያሳውቀው ቀለሙ አይደለም። በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፤ ዳሩ ፀጥ ብሎ መሃሉ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቦታ ላይ እንደ ጄሊ ከተርገበገበ በቂ ነው። እንደ ውኃ ከተንሸራተተ ይቆይ። ቴርሞሜትር ያላችሁ መሃሉን ለኩ፤ 72 ዲግሪ ጥሩ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ይህን የሚጠይቅ የውጭ መጽሐፍ የለም፣ እኛ ግን እንጠይቃለን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ከሆነ የጠፋው፣ ምድጃውን አትክፈቱ። ውስጥ የቀረው ሙቀትና የሞቀው ውኃ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ አንድ ሰዓት ትታችሁ ስታዩት ረግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከጠፋ ደግሞ ቺዝኬክ ቤኪንግ ፓውደር ስለሌለው የሚወድቅ ነገር የለውም፤ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ከሰል አዛውሩት። ሰፊ ድስት ሥር የተገለበጠ ሳህን አስቀምጡ፣ ሁለት ጣት ውኃ አድርጉ፣ ኬኩን ላዩን በፎይል ሸፍናችሁ ክደኑትና በዝግታ በእንፋሎት ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አብስሉት። ላዩ ቡናማ አይሆንም፣ ግን ይረጋል፤ እንዲያውም ይለሰልሳል። ምድጃ የሌላችሁም መንገዳችሁ ይኸው ነው። የማይደረገው እንቁላል የገባበትን ለብ ያለ ሊጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አቆይቶ «መብራት ሲመጣ» ማለት ነው።

ሲደርስ ምድጃውን አጥፍታችሁ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጉና አንድ ሰዓት እዚያው ተዉት። ከዚያ አውጡት፣ ቀጭን ቢላ በዳሩ ዙሪያ አዙሩ። ኬኩ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ዳሩ ከብረቱ ጋር ከተጣበቀ የሚሰነጠቀው መሃሉ ነው። ተሰንጥቆ ቢገኝ ደግሞ ለጎን ያስቀራችሁት ፍሬ ለምን ይመስላችኋል? ስንጥቁ ላይ ይፈሳል። ስንጥቅ በጭራሽ የማትወዱ ሰዎች በስፔን ሳን ሴባስቲያን ከተማ የሚሠራውን ላዩ ሆን ተብሎ የሚጠቁረውን ዓይነት መልመድ ትችላላችሁ፤ እሱ ግን ለዥንጉርጉር አይሆንም፣ ሥዕላችሁ ይቃጠላል።

ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ይደር። ቺዝኬክ የነገ ምግብ ነው፤ በዕለቱ የተቆረጠ ጣዕሙ እንቁላል እንቁላል ይላል፣ ያደረ ግን አይቡና ፍሬው ይለያሉ። ቅዳሜ ተሠርቶ እሑድ የሚቀርብ ነገር ስለሆነ ለፋሲካ የተፈጠረ ይመስላል። ብቻ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ የመጀመሪያው ጉርሻ አታድርጉት። 55 ቀን ከወተትና ከሥጋ የራቀ ሆድ በተልባ ይለሳለስ፣ ቺዝኬኩ ከሰዓት ከቡና ጋር ይምጣ። አክስቴም የቀመሰችው ያኔ ነው። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ «ስኳሩ በዛ» አለች፤ ሳህኑን ግን አልመለሰችም። የሚቀጥለውን ሳምንት ሦስት ሊትር ወተት ልጇ እንድታመጣላት አዝዛ ነበር።

ስለ ስኳር የምትጨነቁ ሰዎች ከ150 ወደ 110 ግራም ብታወርዱት ይረጋል። ከ100 በታች ግን እንቁላሉ ቶሎ ስለሚጠነክር ልስላሴው ይቀንሳል። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቤት ካለ ኬኩን ለአሥራ ሁለት ሳይሆን ለአሥራ ስድስት ቁረጡት፤ ከላይ የሚፈሰውን ፍሬም ለእሱ ተዉለት። የፆም ቺዝኬክ አስተምሪን ላላችሁኝ ደግሞ፣ አይብ የሌለው ነገር ቺዝኬክ ስለማይመስለኝ በሌላ ስም ሌላ ወር እንመለስበታለን።

ለመቁረጥ ቢላውን የፈላ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁ፣ አንድ ቁረጡ፣ ጠርጋችሁ እንደገና ንከሩ። የተረፈው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ለበለጠ ጊዜ ቁርጥራጩን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ ስትፈልጉት ከማታው ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ፍሬውን ግን ለብቻው አስቀምጡ፤ ኬኩ ላይ ፈስሶ ከቀዘቀዘ ሲቀልጥ ውኃ ይሆናል።